በዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለ ዘሪ የሚበቅሉ ዕፅዋትንና እንጉዳዮችን ስለ መመዝገብ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው ብሔራዊ ሄርባሪየም ይገኛል፤ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የተሰበሰቡ የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎችም በዚያ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ከሕንፃው ውጭ ግን፣ ከግንብ ሥርና ከቦይ ዳር ክረምት በገባ ቁጥር ማንም ሳይዘራው የሚበቅለውን ቆም ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ግቢ በማሰብ ቢሆንም ለሌሎች የደጋ ግቢዎችም ያገለግላል።

ሥራው በሐምሌ ቢጀመር ይመረጣል። እንጉዳይ ዝናብ ከጣለ በኋላ በድንገት ብቅ ብሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈርሳል፤ አደይ አበባ ደግሞ እስከ መስከረም ድረስ አይፈካም፤ ስለዚህ አንዱን ቦታ ደጋግሞ መጎብኘት ግድ ነው። ብዙው የሚገኘው የሣር ማጨጃው በማይደርስበት፣ በአጥር ጥግ፣ በጽድና በወይራ ሥር እንዲሁም የጣራ ውሃ በሚወርድበት ቦታ ነው። ናሙና ለመውሰድ የግቢውን አስተዳደር ማስፈቀድ ተገቢ ሲሆን፣ አትክልተኛውን ማነጋገር ግን ከፈቃድም በላይ ይጠቅማል፤ ሣሩ የሚታጨድበትን ቀን የሚያውቀው እሱ ነው፣ የተክሎቹንም ስም ከአብዛኞቻችን አብልጦ ያውቃል።

ጀማሪ ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ስሙ ነው፤ እኔ ግን ስም መጨረሻ ይምጣ ባይ ነኝ። እምቧይ የሚባለው ከአንድ በላይ ዝርያ ነው፤ ቀኑና ቦታው ያልተጻፈለት ናሙና ደግሞ ስሙ ቢታወቅም ከድርቆሽ አይሻልም። ስለዚህ ተክሉ ሳይነቀል በፊት ቀኑ፣ ትክክለኛ ቦታው፣ የአፈሩ ሁኔታ፣ ቁመቱ፣ የአበባው ቀለምና ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ በማስታወሻ ደብተር ላይ ይስፈር። እንደ ጭቁኝና ዳማከሴ ያሉትን ቅጠላቸውን በጣት አሽቶ ማሽተትና ሽታቸውን መግለጽ ያስፈልጋል። በዙሪያው የሚታየውም መጻፍ አለበት፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወራጁ ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ባያስተውሉ ኖሮ፣ እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን ስለመግደሉ ለሚደረገው ምርምር መነሻውን ባላገኙ ነበር።

ናሙናው አበባ ወይም ፍሬ ያለው፣ ትንሽ ተክል ከሆነም ከነሥሩ የተወሰደ ይሁን። በጋዜጣ መካከል ተዘርግቶ፣ ከላይና ከታች ካርቶን ተደርጎለት፣ በሁለት ጣውላዎች መካከል በገመድ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። አንዱ ቅጠል ጀርባው ወደ ላይ እንዲታይ መገልበጥ አይዘንጋ። በክረምት እርጥበት ጋዜጣው በየቀኑ ካልተቀየረ ናሙናው ይሻግታል፤ ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው በዚህ ስንፍና ነው። ሳማ በጓንት ይያዝ፤ አስተናግር ሁለንተናው መርዛማ በመሆኑ፣ እሱን በነካ እጅ ዓይንን ማሸት የዓይንን ብሌን ሊያሰፋ ስለሚችል እጅን ወዲያው መታጠብ ይገባል።

እንጉዳይ የተለየ አያያዝ ይፈልጋል። በደጋው ብዙ ሰው የማይበላውን ሁሉ «የጅብ ጥላ» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህ ስያሜ ለጥንቃቄ እንጂ ለመለየት አይረዳም። እንጉዳዩ ከአፈር ውስጥ ያለው የአገዳው ጫፍ ሳይቆረጥ በቢላዋ ተፈንቅሎ ይወጣል፤ መርዛማዎቹን አማኒታዎች የሚያሳውቀው ከረጢት መሰል ሽፋን እዚያ ሊገኝ ይችላልና። በፌስታል ከተያዘ ስለሚበሰብስ በወረቀት ይጠቀለል። ከዚያም ቆቡ ከአገዳው ተለይቶ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ በሆዱ ተደፍቶ፣ በብርጭቆ ተከድኖ ያድራል። ጠዋት በወረቀቱ ላይ የስፖሩ፣ ማለትም እንጉዳዩ የሚራባበት ደቃቅ ዱቄት፣ ቀለም ይታያል፦ የአማኒታ ነጭ፣ ከሚበሉት ወገን ያሉበት የአጋሪከስ እንደ ቸኮሌት ቡናማ ነው። ክሎሮፊለም ሞሊብዳይቲስ የተባለው፣ በሣር ላይ የሚበቅልና ከፍተኛ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትል እንጉዳይ ደግሞ አረንጓዴማ ስፖር ይጥላል፤ ገና ሳለ ከሚበላ እንጉዳይ ጋር በቀላሉ ያሳስታል። ቡናማ ስፖር መታየቱ ግን ለመብላት ዋስትና አይሆንም፤ ከአጋሪከስም የሚመርዙ አሉ። ለምዝገባ የተለቀመ እንጉዳይ ወደ ድስት መግባት የለበትም። ለማስቀመጥ ሲፈለግ ለሁለት ተሰንጥቆ በዝቅተኛ ሙቀት ይደርቃል እንጂ እንደ ተክል አይጫንም።

ስም ፍለጋው አሁን ይጀመራል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተሠራው «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» የተባለው የዕፅዋት መጽሐፍ ስምንት ቅጾች ያሉት ሲሆን፣ ዝርያን ደረጃ በደረጃ የሚለዩ ቁልፎች አሉት፤ የስልክ መተግበሪያ የሚሰጠው ስም በእነዚህ ቁልፎች ሳይፈተሽ ወደ መዝገብ አይግባ። በነሐሴ ያለ አበባ የተገኘ ተክል በመዝገቡ «ያልተለየ» ተብሎ ቦታው ይያዝለት፤ በጥቅምት ወደዚያው ቦታ ሲመለሱ አበባው ወይም ፍሬው ሊገኝ ይችላል።