የሚሰደዱ ወፎችን በባሕረ ገብ መሬት ጫፍ ላይ ሆኖ እንዴት ማየት ይቻላል

በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኖቬምበር ድረስ ወደ ደቡብ የሚሄደው ወፍ ብዛቱ ለጉድ ነው፣ ግን በሰፊው አገር ላይ ተበትኖ፣ ብዙው ደሞ በሌሊት ስለሚያልፍ ሰው ልብ አይለውም። አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ለማየት ባሕር ውስጥ ዘልቆ የገባ መሬት ጫፍን የሚያህል የለም። ቀኑን ስትመርጡ ግን ካላንደር ሳይሆን ንፋስ ነው የምታዩት፣ ቅዳሜ ስለሆነ ብቻ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ ሰማይ ሲያይ ይውላል።

ለምን ጫፉ ላይ ይሰበሰባሉ? እንደ ንስርና ሽመላ ያሉ ክንፈ ሰፊዎቹ ረጅም መንገድ ክንፋቸውን እያርገበገቡ መሄድ አያዋጣቸውም፣ ጉልበት ይጨርሳል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ እነሱም እዛ ውስጥ እየዞሩ ከፍ ይሉና ክንፍ ዘርግተው ወደፊት ይንሸራተታሉ፣ ከዛ ሌላ ፈልገው ደግሞ ይወጣሉ። ውሃ ላይ ይሄ አየር እንደ መሬቱ ስለማይነሳ ባሕር ሲገጥማቸው ዳርቻውን ይዘው ይወርዳሉ፣ መሬቱ ሲጠብ እነሱም አብረው ይጠጋጋሉ፣ በመጨረሻ ጫፉ ላይ ወይ ይሻገራሉ ወይ ዞረው ይመለሳሉ። ትንንሾቹ የሌሊት ተጓዦች ደሞ ጎህ ሲቀድ ራሳቸውን ውሃ ላይ ካገኙት ቅርብ ወዳለው መሬት ነው የሚሮጡት።

እንግዲህ መጀመሪያ ማፕ ክፈቱ። ወደ ደቡብ ወይም ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጠቁም ጫፍ ፈልጉ፣ ከዛ ወፎቹ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጡና የትኛው ንፋስ ወደ እናንተ እንደሚገፋቸው አስቡ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው አንድ ቦታ የሰማውን ሌላ ቦታ ወስዶ የሚሳሳተው። አሜሪካ ኒው ጀርሲ ያለው ኬፕ ሜይ አትላንቲክና ደላዌር ቤይ መሃል ስለሆነ ቀዝቃዛው አየር ገብቶ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ከሰሜን ምዕራብ ሲነፍስ ወፉን ሁሉ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይገፋዋል፣ ሰዉ የሚጠብቀው ያንን ቀን ነው። የስዊድኑ ፋልስተርቦ ግን ሌላ ነው፣ እዛ ከደቡብ ምዕራብ ፊት ለፊታቸው ሲነፍስ ወፎቹ ዝቅ ብለውና ተጠጋግተው ያልፋሉ፣ ንፋስ ከጀርባቸው ሲሆን ደሞ ከፍ ብለው ስለሚሄዱ ከታች ላለ ሰው ነጥብ ናቸው። ስለዚህ የሦስት አራት ቀን የአየር ትንበያ እያያችሁ ቀኑን ምረጡ። ዝናብ ለሁለት ቀን አግቷቸው ከቆየ በኋላ የሚመጣ ጥርት ያለ ጠዋት ካገኛችሁ ስራ ቢሆንም ፈቃድ ውሰዱ እላለሁ።

ወሩም ምን እንደምታዩ ይወስናል። ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ነፍሳት የሚበሉት ይቀድማሉ፣ ምግባቸው በብርድ ስለሚያልቅ። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ጭልፊቶቹ ይበዛሉ፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር የዳክዬ፣ የዝይና የትላልቆቹ ንስሮች ነው።

ዕቃ ላይ ብዙ አትጨነቁ፣ 8 በ42 የሆነ ባይኖኩላር ይበቃል፣ 8 ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው፣ 42 ደሞ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር። 10 በ42 ያቀርባል ግን ንፋስ ባለበት ቦታ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። ከመውጣታችሁ በፊት አስተካክሉት፣ በግራ አይን ብቻ እያያችሁ በመሃሉ ማዞሪያ አጥሩት፣ ከዛ ግራውን ጨፍናችሁ በቀኝ በኩል ባለው ቀለበት ያንኑ ነገር አጥሩ፣ ይሄን ሳያደርግ ለአመታት ብዥ እያለበት የሚያይ ሰው ሞልቷል። ንፋስ የሚከላከል ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ውሃና ወደ ኋላ ጋደም የሚል ወንበር ያዙ፣ አንገት ነው መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው።

ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ድረሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት የትንንሾቹ ናቸው፣ በሌሊት ከመሬቱ አልፈው የሄዱት ሲመለሱ ከጭንቅላታችሁ በላይ እየጮሁ ያልፋሉ፣ አንዳንዴም ወደ ሰሜን ሲበሩ ብታዩ አትደንግጡ፣ የሚያርፉበትና የሚበሉበት ቦታ እየፈለጉ ነው። ከዛ ቁጥቋጦውን ፈትሹ፣ ግን ንፋስ የማይመታውንና ፀሐይ የሚያርፍበትን ጎን፣ ነፍሳቱ እዛ ቶሎ ስለሚሞቁ ወፉም እዛ ነው። ሜርሊን የሚባለው አፕ ድምፅ ሰምቶ ስም ይነግራችኋል፣ ጥሩ ነው፣ ግን በአይናችሁ ሳታዩ አትመኑት።

ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ጭልፊቶቹ ይጀምራሉ። ባዶ ሰማያዊ ሰማይ ላይ አይን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ደመና ካለ የደመናውን ጠርዝ እየተከተላችሁ በባይኖኩላር ቀስ ብላችሁ ጥረጉት፣ ከሌለ አድማሱ ላይ ካለ ሩቅ ነገር ላይ አጥሩና ወደ ላይ ውጡ። ቀለም እርሱት፣ ከዛ ርቀት ሁሉም ጥቁር ነው፣ ቅርፅና አበራረር ነው የሚለየው። ክንፉ ሾል ያለና ሳያቋርጥ የሚያርገበግብ ከሆነ ፈጣኖቹ አዳኞች እነ ፔሬግሪን ናቸው። ክንፉ አጭርና ክብ፣ ጭራው ረጅም ሆኖ ጥቂት ጊዜ መታ መታ አድርጎ የሚንሸራተት ከሆነ ትንንሽ ወፍ የሚያድኑት ጭልፊቶች ናቸው። ሰፊ ክንፍ፣ አጭር ጭራና ዝግ ያለ ዙረት ያለው ባዛርድ የሚባሉት ወገን ነው። ዓሣ የሚያድነው ኦስፕሪ ከፊት ሲታይ ክንፉ ታጥፎ የተሰበረ ይመስላል፣ አንዴ ካያችሁት አትረሱትም። አጠገባችሁ ላለ ሰው ለማሳየት «እዛ፣ እዛ» ማለት አይሰራም፣ ከየትኛው ዛፍ ወይም ደመና በላይ እንደሆነ ተናገሩ።

መቁጠር ከፈለጋችሁ አንድ ዘዴ አለ። ብዙ ሆነው ሲሽከረከሩ አትቁጠሩ፣ እርስ በርስ ስለሚጋረዱ ሁለቴ ትቆጥራላችሁ። ከላይ ደርሰው አንድ ባንድ ተሰልፈው መንሸራተት ሲጀምሩ ጠብቁ፣ ያኔ ቁጥሩ ቀላል ነው። ሰው ያየውን ወፍ የሚመዘግብበት ኢበርድ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡት የንፋሱን አቅጣጫም ማስታወሻው ላይ ጻፉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቀን ስትመርጡ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጭር ካለ ወደ አሸዋው ውረዱ። የባሕሩ ውሃ በየቀኑ ይሸሻል ይመለሳል፣ ተመልሶ መሙላት ሲጀምር ጭቃው ላይ ተበትነው የሚለቅሙት የባሕር ዳርቻ ወፎች ወደ እናንተ እየተገፉ ይመጣሉ፣ ሞልቶ ከማለቁ ከአንድ ሁለት ሰዓት በፊት ሄዳችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ እንጂ እናንተ አትቅረቡ። እነዚህ ለጉዞ የሚሆን ስብ እያጠራቀሙ ነው፣ በተነሱ ቁጥር ያንን ነው የሚያቃጥሉት፣ ውሻም ካላችሁ በገመድ ይሁን። መብላት አቁመው አንገታቸውን ቀጥ ካደረጉ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ወደ ኋላ በሉ።