አንድ ዓመት የጎደለበት የውትድርና ማኅደር እንዴት ታረመ

ፍኖተ ሰላም የሚኖሩ የቀድሞ የሠራዊት አባል አገልግሎት በአንድ ዓመት አንሶ ተመዝግቦ ነበር። የአገልግሎት ዓመታቱን የደመረው ሰው አልተሳሳተም፤ ስህተቱ የዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ ቅጽ ላይ የተቀጠሩበት ቀን «ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1984» እ.ኤ.አ. ይላል። ገልባጩ 7 ቀንሶ 1977 ዓ.ም. አደረገው። 7 የሚቀነሰው ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ብቻ ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። ስለዚህ ትክክሉ የካቲት 10 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው።

እንዲህ ያለ ስህተት እንዲታረም በሚቀርብ ማመልከቻ ላይ «ይታረምልኝ» ብቻ ብሎ መጻፍ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ምንም አይነግረውም። የተሳሳተው መስመር፣ ትክክለኛው ቀንና ማስረጃው ጎን ለጎን ይጻፉ። ትናንት ከተጻፈ ደብዳቤ ይልቅ በቅጥሩ ጊዜ የተሞላ ቅጽ ሚዛን ይደፋል። ዋናው ለማመሳከሪያ ይታያል እንጂ አይሰጥም፤ የሚገባው ኮፒው ነው። ማመልከቻው ገቢ ሆኖ የተመዘገበበትን ቁጥር ሳይዙ አይውጡ።

«ኃይሉ» አንዱ ወረቀት ላይ «ሀይሉ» ተብሎ ከሆነም በዚያው ማመልከቻ ይጠየቅ፤ ኋላ ጡረታ ላይ አንዲት ፊደል ታስቆማለች። የማረሚያው ደብዳቤ ሲወጣ ስሙን፣ መለያ ቁጥሩንና ቀኑን እዚያው መስኮቱ ላይ ያንብቡ። ለጡረታ ክፍሉ ግልባጭ መደረጉንም ይዩ።