ኪራዩ ይገባል፣ ገንዘቡ ግን አይታይም፦ ለድሬዳዋ አከራዮች ችግርና መፍትሄ

ሳቢያንም ይሁን ከዚራ፣ ግቢው ውስጥ አራት አምስት ክፍል ሠርቶ የሚያከራይ ሰው ገንዘብ ሲያጥረው ቶሎ የሚታየው ኪራይ መጨመር ነው። እኛ የምንመክረው መጀመሪያ ገንዘቡ የሚወጣበትን ቀዳዳ እንዲፈልጉ ነው። ድሬ ላይ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ መብራት፣ ውሃ ወይም ባዶ የከረመ ክፍል ነው።

የመብራት ሂሳቡ ከተከራዮች መዋጮ ይበልጣል

ዋናው ምክንያት የጋራ ቆጣሪ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ስለተከፈለ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ አምስት ቤተሰቦች ለየብቻ ቢቆጠሩ ሁሉም ከ51 እስከ 100 ባለው ሁለተኛ እርከን ውስጥ ናቸው። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን 450 ይሆኑና ስድስተኛው እርከን ላይ ይወጣሉ። ከግንቦት ጀምሮ ቬንትሌተር ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ደግሞ 500ን ማለፍ ቀላል ነው።

ዘላቂው መፍትሄ ለየክፍሉ የራሱን ቆጣሪ ማስገባት ነው። እስከዚያው በየክፍሉ መስመር ላይ ንዑስ ቆጣሪ ያስገጥሙ፤ ዋናው በሚነበብበት ቀን ተከራዩ ባለበት ያንብቡና ሂሳቡን በንባቡ መጠን ያካፍሉ። የንዑሶቹ ድምር ከዋናው በጣም ካነሰ ብሬከሮቹን ሁሉ ያጥፉ። ዋናው ቆጣሪ አሁንም የሚቆጥር ከሆነ ከብሬከሩ በፊት የተቀጠለ መስመር አለ ማለት ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።

የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። ከሶኬት መስመር ጋር ከተያያዘ ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ጥገናውም ከእርስዎ ኪስ ይወጣል። በ4 ካሬ ሽቦና በ20 አምፔር ብሬከር የራሱን መስመር ይስጡት።

ሮቶው ሞልቶ ይፈስሳል ወይም ከሰዓት ባዶ ይሆናል

የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። የሮቶውን ክዳን ከፍተው ፍሎተሩን (ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ) ቢያዩት ክንዱ የሚታጠፍበት ቦታና የውሃ መግቢያው ቀዳዳ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ቅርፊቱ ፍሎተሩን ስለሚያስቸግረው በፈረቃ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፣ ከዚያም እስኪነጋ ይፈስሳል። ፍሎተሩን ፈትተው አቼቶ ውስጥ ያሳድሩት፤ ጠዋት በድሮ የጥርስ ብሩሽ ሲፈትጉት ይለቃል። በየሦስት ወሩ ይድገሙት፤ ጎማው ከደረቀ ግን ይቀይሩት።

ፍሎተሩ ደህና ከሆነ ሽንት ቤቱን ይፈትሹ። የውሃ መያዣው ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምረው ለ20 ደቂቃ ሳይለቁ ይጠብቁ። ቀለሙ ሳህኑ ላይ ከታየ የታችኛው ጎማ አይዘጋም። የሚንጠባጠብ ቧንቧንም አይናቁ፤ በሰዓት ግማሽ ሊትር የሚሞላ በወር 360 ሊትር ነው።

ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ያለውን መስመር ለመፈተሽ ውሃ በመጣበት ሰዓት የሮቶውን መግቢያና ቧንቧዎቹን ሁሉ ይዝጉ። የውሃ ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሽ ባለ ጥርስ ክብ ከዞረች የተቀበረ ቧንቧ ፈንድቷል።

ክፍሉ ባዶ ይከርማል

በ8,000 ብር የሚሄድ ክፍል 8,500 እስኪገኝ አንድ ወር ባዶ ቢቆም የጠፋውን 8,000 በ500 ብር ጭማሪ ለመመለስ 16 ወር ይፈጃል። ስለዚህ ነባሩ ተከራይ መልቀቁን እንዳሳወቀ ማሳየት ይጀምሩ፤ ቀለምና የመቆለፊያ ጥገና እሱ በወጣ ማግስት እንዲሠራ አስቀድመው ይነጋገሩ።

በሙቀቱ ወራት ብቻ የሚለቀቅ ክፍል ካለ ችግሩ ቆርቆሮው ነው። ኮርኒስ ያስገቡ፣ ከኮርኒሱ በላይ በሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎች የአየር መውጫ ይክፈቱ፣ ጣሪያውን ነጭ ያስቀቡ። ቀለሙ ከሦስቱ በጣም ርካሹ ነው፤ አቅም ካጠረ ከእሱ ይጀምሩ።

አንዴ ብዙ ይገባል፣ ከዚያ ወራት ደረቅ ናቸው

ቅድመ ክፍያ እንደ ትርፍ ሲበላ ይህ ይከተላል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ አይቻልም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ለኪራይ ብቻ የተለየ ሂሳብ ይክፈቱና የሁለተኛውን ወር ገንዘብ ወሩ ሳይደርስ አይንኩት። ከእያንዳንዱ ክፍያ ለጥገናና ለግብር የሚሆነውን እዚያው ይተዉ፤ የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ መበደር አይኖርም። የሲሚንቶውንም የፍሎተሩንም ደረሰኝ በአንድ ማህደር ይያዙ።

ጳጉሜንም በውሉ ላይ ይጻፏት። ኪራይ በ12 ወር ቢታሰብም በእነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ውሃና መብራት ይቆጥራል፤ ፍጆታው በመስከረም ሂሳብ ተደምሮ በተከራዩ እንደሚከፈል አንድ መስመር ይበቃል።