የፍሬን ሸራ በራስዎ ቀይረው ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ከበራ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሸራውን ቀየሩ። ጎማውን አሰሩ፣ ክሪኩን አወረዱ። ሞተር ሲያስነሱ ግን ጠዋት ያልነበረ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ቁጭ ብሏል። ብዙ ሰው ወዲያው መኪናውን መጠርጠር ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው የራሴን እጅ ነው።

ቀዩንና ቢጫውን እንደ አንድ ማየት

ቀዩ የፍሬን መብራት የሚበራው በአብዛኛው የእጅ ፍሬን ሲያዝ ወይም የፍሬን ዘይት ሲያንስ ነው። የእጅ ፍሬኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀርቶ ሰው ግማሽ ቀን የሚለፋበት ጊዜ አለ። ቢጫው ኤቢኤስ ብቻውን ከበራ መደበኛው ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ የቀረው በድንገት ሲይዙ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ክፍል ነው። ሁለቱ አብረው ከበሩ ወይም ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ ግን መኪናውን አያንቀሳቅሱ።

ገና መብራቱን ሲያዩ ዘይት መሙላት

ሸራ እያለቀ ሲሄድ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ ይወጣል፣ ዘይቱም ከመያዣው ይቀንሳል። አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኑን ሲገፉት ዘይቱ ተመልሶ ይወጣል። ቀደም ብሎ የሞላ ሰው ካለ ይገነፍላል፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይልጣል። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ሞተር ሳያስነሱ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ፣ ከዚያ መያዣውን ይዩ። አዲስ ሸራ ገብቶም ዘይቱ ከታችኛው መስመር በታች ከሆነ ችግሩ በመሙላት አይፈታም፤ የሚያፈስበትን ቦታ ይፈልጉ። መጨመር ካለብዎት ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ነው። ዶት 5 የሚባለው ዘይት ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር አይደባለቅም።

ካሊፐሩን በቱቦው አንጠልጥሎ መሥራት

ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል፣ ሲንጠለጠል ቱቦው ይጎዳል፤ አጠገቡ የሚያልፈው የኤቢኤስ ሴንሰር (የጎማውን ዙር የሚለካው) ገመድም አብሮ ይወጠራል። የኔ መብራት በማግሥቱ በራ። ሴንሰሩ ሞቷል ብዬ ሌላ ልገዛ ስል ሶኬቱ ግማሹ ወጥቶ አገኘሁት። ቀጭ እስኪል ገፋሁት፣ አለቀ። አሁን ካሊፐሩን በሽቦ ከሱስታው ጋር አስራለሁ።

እርስዎም ገመዱን ከጎማው እስከ ሶኬቱ በእጅዎ ይከተሉት። መሪውን ወደ ሁለቱም ጫፍ አዙረው የሚወጠርበት ወይም ጎማ የሚነካበት ቦታ ካለ ይዩ። የሴንሰሩን ጫፍም ይጥረጉ፤ ብዙዎቹ ማግኔት ስላላቸው የብረት ብናኝ ይሰበስባሉ።

ጎማው አየር ላይ እያለ ማርሽ ማስገባት

ሁለት ጎማ እየዞረ ሁለቱ ከቆሙ ኮምፒዩተሩ ሴንሰር የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ብዙ ጊዜ ሞተሩን አጥፍተው አስነስተው ትንሽ ሲነዱ መብራቱ ይጠፋል።

ያለቀውን የሸራ ሴንሰር መልሶ ማሰር

አንዳንድ መኪና ሸራው ማለቁን የሚናገር ቀጭን ሽቦ አለው። ያ ሽቦ አንዴ በዲስኩ ከተበላ አዲስ ሸራ ቢገባም መብራቱ አይጠፋም። ይቀየራል።

የኋላውን ፒስተን በጉልበት መግፋት

የእጅ ፍሬኑ ቁልፍ ሲጫኑ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ከሆነ የኋላ ካሊፐሩ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ በስካነር (ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር በሚገናኝ መሣሪያ) ወይም በመኪናው መመሪያ መሠረት ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት። ይህን ዘለው በጉልበት ከገፉት ከሸራው የሚበልጥ ወጪ ይጠብቅዎታል።

ባትሪ ነቅሎ መብራቱን ማባረር

ጥፋቱ ካለ ተመልሶ ይበራል፤ እርስዎ ግን ኮምፒዩተሩ ስለ ጥፋቱ የመዘገበውን ኮድ ሊያጡት ይችላሉ። ርካሽ ስካነርም ያታልላል፤ ብዙዎቹ የሞተር ኮድ ብቻ አንብበው «ችግር የለም» ይላሉ። ኤቢኤስ የሚያነብ ይፈልጉ። «የፊት ግራ ጎማ ሴንሰር» ካለም ሴንሰሩ ይቀየር ማለቱ አይደለም፤ ገመዱም ሶኬቱም በዚያ ስም ውስጥ አሉ። አስተካክለው ኮዱን ካጠፉ በኋላ፣ ፔዳሉ ጠንካራ ከሆነ፣ ባዶ ቦታ ላይ በዝግታ ይንዱት። አንዳንድ መኪና ጎማው ሲዞር ካላየ መብራቱን አያጠፋም።