ብዙ የሮጠ ሞተር ሳይክል፦ ሞተሩ መበላቱን ሳያወርዱ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ቆጣሪው 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ሁሉም ሰው መካኒክ ይሆናል። አንዱ «ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) በልቷል» ይላል፣ ሌላው «ይውረድና ይታይ» ይላል። አትቸኩሉ። ሞተር ሳይወርድም ብዙ ነገር ያሳብቃል። የማወራው መንገዱን ስለሞሉት ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር ስለሚቀዘቅዙት ከ125 እስከ 150 ሲሲ ሞተሮች ነው።

ጠዋት፣ ገና ሳይነሳ ጀምሩ። አሮጌ ሞተር ልትገዙ ሄዳችሁ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የማርሚታውን ጭስ ይመልከት። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ከጠፋ፣ ሌሊቱን ዘይት በቫልቭ ሲል (ዘይት በቫልቩ ዘንግ በኩል እንዳይወርድ በሚይዘው ጎማ) በኩል ወርዷል ማለት ነው። ይህ ቀላል ወጪ ነው። ጋዝ በሰጣችሁት ቁጥር ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ፋሻውና ወደ ሲሊንደሩ ይዞራል። ጥቁር ጭስ ከቤንዚን ብዛት ነው፤ የአየር ፊልትሮውንና ካርቡራቶሩን እዩ። በብርድ ጠዋት ታይቶ ወዲያው የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት አያሳስብም።

ሞቅ ሲል ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ ማኪያቶ ከመሰለ ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ጣት ላይ ዘይት ከተወ፣ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው።

ካንዴላው ከወጣ አይቀር ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጥረውን ግፊት፣ ለኩ። ጋዙን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ፣ የመለኪያው መርፌ መውጣት እስኪያቆም ድረስ መርገጫውን ምቱ። ቁጥሩን ጻፉት። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና ድገሙት። ቁጥሩ በደንብ ከፍ ካለ የተበላው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ደፍኖታል። ፈቀቅ ካላለ ቫልቩን ጠርጥሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ስለዚህ የባሕር ጠለሉ ቁጥር 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ከሆነ፣ እኛ ጋ ጤነኛው ሞተር 115 አካባቢ ቢያሳይ አይግረማችሁ። ይህን ባለማወቅ ያለ ጥፋቱ የወረደ ሞተር ስንት ይሆን?

ቀጥሎ ዘይቱን ሞቅ እንዳለ በንጹህ ሳህን ላይ አፍስሱ። በነጭ ጨርቅ አጥልሉትና ማግኔት አስጠጉ። ማግኔቱ ላይ እንደ ሊጥ የሚለጠፍ ደቃቅ ግራጫ ዱቄት የተለመደ ነው። በጥፍር የሚያዝ ስባሪ ግን አይደለም። ማግኔት የማይስበው የሚያብረቀርቅ ብናኝ አልሙኒየም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፒስተኑን አስቡ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

ቫልቩን በማግስቱ፣ ሞተሩ ሲበርድ ለኩ። ብዙዎቹ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈልጋሉ፤ የእናንተን ከመመሪያው መጽሐፍ አረጋግጡ። አንዳንድ መካኒክ «ድምፁን ላጥፋልህ» ብሎ ጥብቅ ያደርገዋል። እሺ አትበሉ። ጥብቅ ቫልቭ በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል። ለእኔ ትንሽ ትክ ትክ የሚል ይሻላል።

መከላከሉን በተመለከተ፣ ዘይት ይቅደም። እነዚህ ሞተሮች የሚይዙት አንድ ሊትር ገደማ ነው። 300 ሚሊ ሊትር ጎደለ ማለት ሲሶው ሄደ ማለት ነው። በየሳምንቱ ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ልኩን እዩ። ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ምልክት ፈልጉ፤ አንዳንድ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። ጭስ ለመደበቅ ወፍራም ዘይት መጨመር ግን ራስን ማታለል ነው። በሲሊንደሩ ክንፎች መሃል የደረቀውን ጭቃም አጽዱ፤ ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ ነው።

ቀሪው አቧራ ነው፤ በኪሎ ሜትር ከሚያረጀው ሞተር ይልቅ አቧራ የሚበላው ይበዛል ብዬ አምናለሁ። እኔ ፊልትሮዬን በየጊዜው አጸዳ ነበር። አዲስ ፋሻ አስገብቼ ጥቂት ወር ሳይቆይ ሰማያዊው ጭስ ተመለሰ። ከፊልትሮው ወደ ካርቡራቶር የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈትቼ ጣቴን ብሰድ፣ በርበሬ የነካሁ ይመስል ቀልቶ ወጣ። ለካ ቱቦው ከሥሩ፣ ዓይን በማያየው በኩል ተሰንጥቆ ኖሯል። ፊልትሮው ንጹህ ነው፤ አየሩ ግን በዚያ አያልፍም። አሁን ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ጣቴን እዚያ ቱቦ ውስጥ ሳልሰድ ሞተሩን አላስነሳም።