ፓቻችሁ «ይሄ ኮድ እኮ አለ» ተብሎ ሲመለስ

ሦስት ሳምንት ደክማችሁ ለሊኑክስ ከርነል (ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) አንድ ድራይቨር (ሃርድዌር የሚያሠራ ኮድ) ጻፋችሁ። ፓች (ለግምገማ የሚላክ የኮድ ለውጥ) አድርጋችሁ ላካችሁት። መልሱ አጭር ነው፦ «ይሄ ሥራ እዚያኛው ድራይቨር ውስጥ አለ። ለምን ተደገመ?» ደማችሁ ይፈላል። ከሱ በፊት ግን ቡናው ይፍላ፤ መልሱን ነገ ትጽፉታላችሁ።

1. ቅሬታው ምን እንደሆነ ተረዱ

ገምጋሚውን ያሳሰበው የመስመር ብዛት አይደለም። ኮድ ሲገለበጥ ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል። ዋናው ሲታረም ግን ቅጂው እንዳለ ይቀራል። አራሚው ቅጂ መኖሩን በምን ያውቃል?

እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ የሙቀት ሴንሰር ድራይቨር ነው። የንባብ ፋንክሽኑን ከጎረቤት ድራይቨር ገለበጥኩ። ፋንክሽኑ ባለ 8 ቢቱን ቁጥር የመቀነስ ምልክት እንደሌለው አድርጎ ነበር የሚያነበው። ሴንሰሩ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሲል ድራይቨሩ 254 ይላል ማለት ነው። የጎረቤቱ ታረመ። የእኔው ከረመ። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ከዜሮ በታች ማን ይፈትሻል? ብርድ አገር ያለ ተጠቃሚ ነው «ማሽኔ እየነደደ ነው» ብሎ የጻፈልኝ።

2. መጀመሪያ ፈልጉ

በጊት ግሬፕ (ኮድ ውስጥ ቃል በሚፈልገው ትእዛዝ) ስም ብቻ አትፈልጉ። የድሮው ፋንክሽን ስም እናንተ ካወጣችሁት ጋር የሚመሳሰልበት ምክንያት የለም። የሚጠራቸውን ሌሎች ፋንክሽኖች ወይም የሚጠቀምበትን ለየት ያለ ቁጥር ፈልጉ። «ሊብ» እና «ኢንክሉድ ሊኑክስ» የሚባሉትን ፎልደሮችም አገላብጡ። የከርነሉ የአጻጻፍ መመሪያ «ያሉትን ማክሮዎች እንደገና አትፍጠሩ» የሚል ክፍል አለው፤ ማክሮ ስም የተሰጠው ዝግጁ የኮድ ቁራጭ ነው። ምሳሌው የታወቀ ነው፦ የአንድ አሬይን (የተደረደሩ ዳታዎች ዝርዝር) አባላት ብዛት ለማወቅ ጠቅላላ መጠኑን ለአንዱ አባል መጠን ማካፈል። ለዚህ «አሬይ ሳይዝ» የሚባል ማክሮ አለ፤ ሰው ግን ዛሬም በእጁ ያካፍላል።

ኮክሲኔል የሚባለው መሣሪያ የሚፈልገው የኮዱን ቅርጽ ስለሆነ የተለዋዋጮቹ ስም ቢለያይም ያገኘዋል። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ ያቺ ቀይዋ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጥንዚዛ ማለት ነው። ባግ (በእንግሊዝኛ ነፍሳትም፣ የኮድ ስህተትም) ትበላለች የሚለው ቀልድ ሳይገባችሁ አይቀርም።

3. መደገሙ በእርግጥ ጥፋት ነው?

ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ አንዱ ላይ የሚታረመው ሌላውም ላይ መታረም አለበት? አዎ ከሆነ አንድ አድርጓቸው። ካልሆነ መመሳሰላቸው የአጋጣሚ ነው።

አንዳንዴ መገልበጥ ራሱ ትክክለኛው ውሳኔ ይሆናል። በፈረንጆቹ 2006 የኤክስት3 ፋይል ሲስተምን (ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጀውን ኮድ) ማሳደግ ሲፈለግ፣ ሰው ዳታውን ያስቀመጠበትን ኮድ እየነካኩ ከማመስ ይልቅ ሙሉውን ገልብጠው ኤክስት4 ብለው ጀመሩ። ሁለቱ ለዓመታት ጎን ለጎን ኖሩ። ኤክስት4 የኤክስት3 ዲስኮችንም በደንብ ሲችል፣ በ2015 የድሮው ኮድ ከከርነሉ ወጣ።

ሁሉም ሄልፐርም (ተደጋጋሚ ሥራን የሚያቀል ትንሽ ፋንክሽን) ጥሩ አይደለም። በ2025 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ዘግይቶ የመጣለትን የሪስክ-ፋይቭ (የፕሮሰሰር ዓይነት) ኮድ ሲመልስ፣ ካናደዱት ነገሮች አንዱ ሁለት ባለ 16 ቢት ቁጥሮችን አጋጥሞ ባለ 32 ቢት የሚሠራ ትንሽ ሄልፐር ነበር። ስሙን አንብባችሁ የትኛው ቁጥር ከላይ እንደሚቀመጥ አታውቁም። እዚያው ቦታው ላይ ቢጻፍ ግን በአንድ እይታ ይገባል። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ነገሩ ላይ ግን እኔም ከሱ ጋር ነኝ።

4. ከተስማማችሁ በትንሽ በትንሹ አዋህዱ

ባለ 64 ቢቱ የኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች) ኮድ ሲጀመር ከባለ 32 ቢቱ ተገልብጦ ነው። በ2007 ሁለቱ ይዋሃዱ ሲባል የባለ 64 ቢቱ ሜንቴነር (የኮዱ ኃላፊ) ተቃወመ። ሐሳቡ ውኃ የሚያነሳ ነበር፦ የድሮው ኮድ በአሮጌ ሃርድዌር ጣጣ የተሞላ ነው፣ ንጹሑን ለምን እናቆሽሸዋለን? ውህደቱ ግን ጸደቀ። እኔ የምወደው አሠራሩን ነው። መጀመሪያ ፋይሎቹ ይዘታቸው ሳይነካ ወደ አንድ ፎልደር ተዛወሩ። ስማቸው የሚገጥመው መጨረሻቸው ላይ 32 እና 64 ተጨምሮባቸው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጥንዶቹን አንድ በአንድ ማዋሃድ ከዚያ በኋላ የመጣ ሥራ ነው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በመጀመሪያው ፓች ፋንክሽኑን ወደ ጋራ ቦታ አዛውሩ፤ ሌላ ምንም አትንኩ። በሁለተኛው ለእናንተ እንዲሆን አስተካክሉት። በሦስተኛው ድራይቨራችሁ እሱን ይጥራ። እያዛወሩ ማሻሻል ትልቁ ጥፋት ነው፤ ገምጋሚው ከ200 የተዛወሩ መስመሮች መሀል የተቀየረችውን አንዷን ማደን አለበት። እያንዳንዱ ፓች ደግሞ ለብቻው ኮምፓይል ይሁን፤ አለበለዚያ በጊት ባይሴክት (ለውጦቹን ለሁለት እየከፈለ ጥፋተኛውን በሚያድነው ትእዛዝ) ስህተት የሚፈልግ ሰው እናንተ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል።

5. ካልተስማማችሁ በማስረጃ ተከራከሩ

መልሳችሁን ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ጻፉ። «ይለያያሉ» ማለት አይበቃም። አዋህዳችሁ ሞክሩትና ውጤቱን አሳዩ፦ «ሞከርኩት፤ ለሁለቱ ቺፖች ስል ሰባት ቦታ ‹እንዲህ ከሆነ› የሚል ቅርንጫፍ ማስገባት ግድ ሆነ።» ይህን ያየ ሜንቴነር ብዙ ጊዜ ይለዝባል።

ሁለት ሜንቴነሮች የሚጋጩበትም ጊዜ አለ። አንዱ አዋህድ ይላል፣ ሌላው የጋራው ኮድ በእኔ ፎልደር አይገባም ይላል። እናንተ መሀል ገብታችሁ ዳኛ አትሁኑ። ሁለቱንም አንድ ኢሜይል ላይ አድርጉና አማራጮቹን በአጭሩ ዘርዝሩ፤ ይነጋገሩበት።

6. ሁለተኛውን ዙር ላኩ

በዚያው ቀን ሦስት ቨርዥን የሚልክ ሰው አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። መልስ ካጣችሁም የፓች አላላክ መመሪያው ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቁ ይላል፤ የመርጅ ዊንዶው (አዲስ ኮድ ወደ ዋናው ከርነል የሚገባባቸው) ሁለት ሳምንታት ከሆኑ ደግሞ ከዚያም በላይ። ርዕሱ ላይ ቁጥር 2 ጨምሩ። ምን እንደቀየራችሁ ከሦስቱ ሰረዞች (---) በታች ጻፉ፤ እዚያ ያለው ጽሑፍ ለገምጋሚው ይደርሳል እንጂ በታሪክ መዝገቡ ላይ አይቀርም። ያልተቀበላችሁትን አስተያየትም ከነምክንያቱ አስቀምጡ። በዝምታ ማለፍ ሰው ያስቀይማል።

የሴንሰሩን ነገር እንዲህ ነው የጨረስኩት። የገለበጥኩትን ፋንክሽን አጥፍቼ የታረመውን በጋራ ተጠቀምኩ። 41 መስመር ወጣ፣ 3 ገባ። ለወራት ሲነዘንዘኝ የነበረው ሜንቴነር በሁለት ቃል መለሰልኝ፦ «አፕላይድ፣ ታንክስ።» (ገብቷል፣ አመሰግናለሁ።)