ውጭ አገር ለምታስተምሩ፦ ጓደኛም ቋንቋም ከአንድ ቋሚ ምሽት ይጀምራል

ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስታወሩ ውላችሁ፣ ማታ ደብተር ስታርሙ አምሽታችሁ፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ሰው ለመተዋወቅ ጉልበት ከየት ይመጣል? በማታውቁት ቋንቋ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። ለዚህ ነው አዲስ ለሚመጣ መምህር ሁሉ የሰዋስው መጽሐፍ ከመግዛትህ በፊት የሳምንቱን ፕሮግራምህን አምጣ የምለው።

ፕሮግራሙ ላይ አንድ ምሽት ክበቡ። በየሳምንቱ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት። «ሲመቸን እንገናኛለን» ለአስተማሪ አይሠራም። እርማት ሲከመር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።

የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ። እንደ እሱ ግምት አንድ ትውውቅ ተራ ጓደኝነት ለመሆን 50 ሰዓት ገደማ አብሮ ማሳለፍ ይፈልጋል። ጓደኛ ለመባል ወደ 90፣ ለቅርብ ጓደኝነት ደግሞ ከ200 በላይ። እስቲ አስሉት። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትገናኙ 50ው የሚሞላው በስድስት ወር ገደማ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ወር «የዚህ አገር ሰው አይቀርብም» ብላችሁ አትፍረዱ። ሥራ ላይ አብሮ መዋል ያን ያህል እንደማይቆጠርም ጥናቱ ይላል። ስታፍ ውስጥ ከሰው ጋር ስትስቁ ውላችሁ ቅዳሜ የምትደውሉለት ሰው ብታጡ አይግረማችሁ።

ምሽቱን በምን ትሞሉታላችሁ? እጅ ወይም እግር የሚሠራበት ነገር ምረጡ። መዘምራን፣ ሸክላ፣ የእግር ጉዞ፣ ምንም ይሁን። የቋንቋ ልውውጥ የሚሉት፣ ሰዎች አንዱ የሌላውን ቋንቋ የሚለማመዱበት ስብሰባ ለብዙ ሰው ይጠቅማል፤ እንግሊዝኛ አስተማሪ ከሆናችሁ ግን ያለ ክፍያ ትርፍ ሰዓት መሥራት ነው። ከሄዳችሁም ስልክ ላይ ሰዓት ሙሉና ጊዜውን እኩል ተካፈሉ።

እኔ የያዝኩት ቮሊቦል ነው። ሜዳ ላይ የሚያስፈልገው ቃል ጥቂት ነው፦ «የኔ!»፣ «ተዪው!»፣ «ወጣ!»፣ «ስንት ለስንት ነው?» ኳሱ አናታችሁ ላይ እየመጣ ስለ ግስ እርባታ የሚጨነቅ የለም። አንድ ዙር እስከ 25 ነጥብ ስለሆነ ቁጥር በአንድ ምሽት ደጋግሞ ይሰማል። ሲደክማችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ ነጥብ ቆጣሪ ልሁን በሉ። ጮክ ብላችሁ መቁጠር ግዴታ ይሆናል፣ ስትሳሳቱም ሁለቱም ቡድን ያርማችኋል። በተለይ የተጎዳው።

ዋናው ጨዋታ ግን ከጨዋታው በኋላ ነው። መረብ ለማጠፍ ቅሩ። መረብ ለብቻ አይታጠፍም፤ ሌላኛውን ጫፍ የያዘው ሰው ደግሞ ማውራቱ አይቀርም። ለዚያች ሰዓት ሦስት ጥያቄ ከቤት አዘጋጅታችሁ ሂዱ። ለምሳሌ መጫወት መቼ እንደጀመረ፣ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ለቅዳሜ ምን እንዳሰበ። ልትሉት ፈልጋችሁ ያቃታችሁን ነገር መንገድ ላይ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። በማግስቱ አንድ ሰው ጠይቁና ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን አንኪ የሚባለው የማስታወሻ ካርድ አፕ ላይ አስገቡት። ነጠላ ቃል ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን። አንኪ ልትረሱት ስትቃረቡ መልሶ ያመጣላችኋል። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ነገር እንደ አዲስ ወሬ አድርጋችሁ አምጡት።

ሰዎቹ ወደ እንግሊዝኛ ቢቀይሩ አትቀየሙ። ሊረዷችሁ ነው። እናንተ ብቻ በነሱ ቋንቋ መመለሳችሁን ቀጥሉ።

ተማሪዎችስ? ከነሱ የተሻለ አራሚ የለም፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር የላቸውም። በፔሬዱ መጨረሻ ሁለት ደቂቃ ስጧቸውና አንድ ዓረፍተ ነገር ያስተምሯችሁ። አነጋገራችሁን እየሰሙ ይስቃሉ፣ ይሳቁ። ሲሳሳቱ የሚያፍሩት ልጆችም አስተማሪያቸው ሲሳሳት ማየታቸው አይጎዳም። ነገሩ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ይቅር። በግል ስልክ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ከተማሪ ጋር መለማመድ የለም። ወላጅ ቤቱ ሲጋብዛችሁም መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ደንብ ጠይቁ።

እንደናንተ ከውጭ የመጡ መምህራን ለቤት ኪራይና ለመኖሪያ ፈቃድ ጣጣ የግድ ያስፈልጓችኋል። ምሽታችሁን ሁሉ ግን አትስጧቸው። ወሬው ብዙ ጊዜ ሮሮ ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ።

ስለ ጊዜው ራሳችሁን አትሸውዱ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ የዲፕሎማት ማሠልጠኛ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስፓኒሽ ለሥራ በሚበቃ ደረጃ እንዲያውቅ ወደ 700 ገደማ የክፍል ሰዓት ይመድባል። ለጃፓንኛ፣ ለኮሪያኛ፣ ለቻይንኛና ለዐረብኛ 2,200። (ዐረብኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ዘመድ ስለሆነ ለእኛ ያን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም።) በሳምንት አራት ሰዓት የምታገኝ መምህር ይህንን ቁጥር ከሩቅ ትየው። መረብ እያጠፉ ለማውራት የሚያስፈልገው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

የፈተና ሳምንት መቅረታችሁ ካልቀረ ቀድማችሁ በቡድኑ ግሩፕ ላይ ንገሩ። መልእክቱን በነሱ ቋንቋ ራሳችሁ ጻፉት፣ በመተርጎሚያ አታስተካክሉት። እርማቱ ከነቀልዱ ይመጣል።